በማን ክንድ?

ኅዳር 4 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የዛሬው ብርድ ልዩ ነው። ጠዋት የባልዲው ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ በጣሳ ሰብሬ ተጣጠብኩ። ልጆቹ እጃቸው እየደነዘዘ እርሳስ መያዝ አቅቷቸው ዋሉ። እኔም ጠመኔ መያዝ አቅቶኝ ዋልኩ… ግን አስተማሪ በረደኝ አይልም።

ቤት ስገባ አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ጠዋት እንደተውኳቸው። ምሳው እንደተከደነ ነው።

«አባባ፣ ለምን አልበሉም?»

«በምን ዓይኔ? እዚህ ውስጥ አፌን የማገኘው በዳበሳ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቤቱ አንድ በር እንጂ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ለብርዱ በሩ ሲዘጋ ጆንያ ውስጥ እንደ መግባት ነው። በክረምት አንኮበር የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌአቸው ሲሰበር፣ ሐኪም ይቅረባቸው ብዬ እዚህ ደብረ ብርሃን አመጣኋቸው። ዕድሜአቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ አሁን ዳዊታቸውን ራስጌአቸው አስቀምጠው አይገልጡትም። በቃል ያውቁታል፤ በቃልም አይሉትም። ዝም ብቻ። የሚያናድደኝ ዝምታው ነው።

ዛሬ ደግሞ ወንድሜ ገብረአብ ከአንኮበር ሰው ልኮ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ሰዎችና ቃሬዛ ይዞ ሊወስዳቸው ይመጣል። ያስጠሩት ራሳቸው ናቸው! «አጥንቴ እዚያ ይረፍ» ብለው። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ግን ቁርጡን ነግሮኛል፤ ሳላቸው ደረታቸው ውስጥ ገብቷል፣ በዚህ አያያዝ በቃሬዛ ያንን ብርድ አቋርጠው በሕይወት መድረሳቸውን እንጃ። በጭነት መኪናማ አጥንታቸው ይበተናል።

ቢበሉ… ቢያወሩ… እዚህ መኖሩን ቢወዱት አይሄዱም ነበር። ብርሃን ቢያገኙስ?

መስኮት ላወጣ ነው። በመኝታቸው በኩል፣ ምሥራቁ ግድግዳ ላይ። ግንበኛ ልፈልግ ብል በኅዳር ማን ይገኛል? ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ራሴ አወጣዋለሁ። በዕድሜዬ ምስማር መትቼ አላውቅም። ቢሆንስ? ሦስተኛ ክፍልን ጸጥ ያሰኘ ሰው ግድግዳ ያቅተዋል?

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስመለስ አናጢው ዓወል ጋ ጎራ አልኩ። መቃኑንና መዝጊያውን ብቻ ሥራልኝ፣ ግድግዳውን የምቀደው እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀ።

«ራስዎ፣ እትዬ ወለተሐና?»

«ራሴ።»

«ወላሂ፣ መጥቼ ማየት አለብኝ!»

ይሳቅ። ልኩን ነገርኩት፤ ቁመቱ ሁለት ክንድ፣ ወርዱ ክንድ ከስንዝር። ጠዋት ግድግዳውን በክንዴ ለክቼ በከሰል ምልክት አድርጌበት ነው የመጣሁት። ከፍታውንም አስቤበታለሁ። ሲቆሙ ለማየት እንዲመች ታችኛው ጠርዝ ደረቴ ላይ ነው የሚውለው።

«መቼ ይደርሳል?»

«ነገ።»

ለአባባ ስነግራቸው «ግድግዳ ቀደሽ ብርድ ልትጋብዢ?» አሉ። ቢያንስ ተናገሩ።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ዶማውን ገና ከማንሳቴ…

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጀምር ነዋ።»

«በቀዳሚት ሰንበት ግድግዳ ልትፈነቅይ? እኔ በተኛሁበት ቤት?»

ዶማውን አስቀመጥኩ። ነገ እሑድ ነው። ማክሰኞ ኅዳር ሚካኤል። ሰኞ ከሥራ በኋላስ ብላቸው የሚካኤል ዋዜማ ነው አሉኝ። በዓላቱን በቃሌ የማውቃቸው ከራሳቸው ተምሬ ነው፤ እንዲህ እንደሚጠምዱኝ ግን አላወቅኩም። ትምህርት ቤት በሌለበት ቀን ሰንበት፣ ሰንበት ባልሆነ ቀን ትምህርት ቤት! ሰው ቤቱን የሚያድሰው መቼ ነው ታዲያ? እንግዲህ ከረቡዕ ጀምሮ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፀሐይ እስክትጠልቅ ባለችው ጊዜ…

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ጀመርኩ። ምነው ባልጀመርኩ!

ጭቃው እንደ ደረቀ ቂጣ እየተፈረካከሰ ይወርዳል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ምት እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ፤ ግድግዳው ከነመፈጠሬም አላወቀኝ። መታሁ… መታሁ… ከዚያ ባንድ ጊዜ አንድ ጎን ሙሉ ተንዶ ወለሉ ላይ፣ የሽሮው ድስት ላይ፣ አባባ ላይ ወረደ። ጋቢአቸውን እስከ አናታቸው ሳቡት።

«ቅበሪኝ። አንኮበር ድረስ መሄዱም አላስፈለገ።»

ጭቃው ሲለቅ ማገሩ ብቅ አለ። በመጥረቢያ ቆረጥኩት፤ እሺ አለኝ። ደስ ብሎኝ በዚያው ጉልበት መሐል ላይ የቆመውን ወፍራም እንጨትም ቆረጥኩት። ከላይ ቆርቆሮው ተንቋቋ። ጎረቤቴ እማማ ባፈና ከጓሮአቸው እየጮኹ መጡ።

«አንቺ ልጅ! ቋሚውን እኮ ነው የቆረጥሽው! ጣሪያው ያለው በሱ ላይ ነው!»

እንዴት ልወቅ? ሁሉም እንጨት ነው! ከአጥራቸው ባላ ነቅለው አመጡና ጣሪያውን ደገፍነው። እማማ ባፈና እየተራገሙ፣ እኔ እያለቀስኩ፣ አባባ ጋቢአቸው ሥር እየሳሉ። መዳፌ ተልጧል፤ ብዕር መያዝ ራሱ ያመኛል።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ቀዳዳ አለ፤ መስኮት የለም። ዓወል «ነገ» አለኝ። የሱፍ ባና ብርድ ልብሴን ሰቅዬ ደፈንኩት። ንፋሱ ባናውን እየነፋ ያንጓጓዋል። የአባባ ሳል ብሷል። ላተርፋቸው ብዬ ልገድላቸው ነው እንዴ?

ኅዳር 18፣ ሰኞ

«ነገ።»

ኅዳር 20፣ ረቡዕ

ዓወል መቃኑን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሥራው ያምራል፤ አልክድም። የጥድ ሳንቃ ነው፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ይዘን ወደ ቀዳዳው አስጠጋነው። አይገባም። በወርድም አይገባም፣ በቁመትም አይገባም።

«ሁለት ክንድ አላልኩህም?»

«ሁለት ክንድ አሉኝ፣ ሁለት ክንድ ሠራሁ። ይኸው!» ብሎ ክንዱን መቃኑ ላይ አጋደመ። የሰውየው ክንድ የቀንበር ግማሽ ይሆናል! ልክ ሁለት ጊዜ ሄደ። እኔም ክንዴን አጋደምኩ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ከስንዝር በላይ ተረፈ።

«ክንድ ክንድ ነው» ይላል። «ወላሂ፣ አናጢ ከሆንኩ ጀምሮ በክንዴ የተከራከረኝ የለም!»

ከጋቢው ሥር ድምፅ ተሰማ። ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነው!

«በማን ክንድ ነው ያዘዝሽው፣ ልጄ?»

ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ደስ ሊለኝ በተገባ። ግን እንደዛሬ የተናደድኩበት ቀን የለም። ዓወልን መቃኑን አሳንስልኝ ስለው፣ መዝጊያው አይገጥምም፣ ግድግዳዎን ያስፉ ብሎኝ ሄደ።

ኅዳር 22፣ ዓርብ

ትናንት ጽዮን ነበረች፤ እጄን አጣምሬ ዋልኩ። ዛሬ ቀዳዳውን አሰፋሁት። ማስፋትስ ቀላል ነው… ሳልነካውም ይሰፋል። ከሚፈለገው በላይ ተናደ። አሁን ከእኔም ከዓወልም ክንድ ይበልጣል።

አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩትና «ይሄኛውስ በማን ክንድ ነው?» አሉኝ። እራታቸውን ግን በሉ።

ኅዳር 26፣ ማክሰኞ

ትናንት መቃኑን በድንጋይና በሽብልቅ አቆምኩና ዙሪያውን ጭቃ መረግሁበት። አፈር፣ ጭድ፣ ውሃ… ረገጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ ጨረስኩ። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ሰው ለምን ያጋንነዋል እያልኩ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ውርጩ ሰነጣጥቆት ግማሹ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል።

እማማ ባፈና መጥተው አዩ።

«መቼ አቦካሽው?»

«ትናንት።»

«መቼ መረግሽው?»

«ትናንት።»

«ጭቃው ሳይሰነብት? ጭዱ እስኪበሰብስ፣ እስኪሸት፣ በየቀኑ እየተረገጠ መሰንበት አለበት እንጂ! ይሄንን የማያውቅ ሰው አለ?»

አለ። እኔ አለሁ። ሰንበት ነው፣ በዓል ነው እያሉ የኔን እጅ ሲያስሩ ከረሙ፤ ለካ መሰንበት የነበረበት ጭቃው ነው! አስቀድሞ የነገረኝ ማን ነው?

ኅዳር 29፣ ዓርብ

ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ጭቃ እረግጣለሁ። ባዶ እግሬን፣ በዚህ ውርጭ። ዛሬ ልጆቹ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የደረቀ ጭቃ አይተው ተንሾካሾኩ። አንዷማ «የኛ አስተማሪ አጨዳ ውላ ነው የመጣችው» አለች፣ የማልሰማት መስሏት። መሳቅ አቃተኝ። እግሬ ከጉልበቴ በታች የኔ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 4፣ ረቡዕ

የሰነበተውን ጭቃ መረግሁ። ይሸታል። ግን ይይዛል። አባባ አፍንጫቸውን ይዘው «ግም ቤት ውስጥ ልሙት?» አሉ። የሚሞቱበትን ቦታ ማማረጥ ጀምረዋል።

ታኅሣሥ 11፣ ረቡዕ

ከፈትኩት።

ዓወል ትናንት መጥቶ መዝጊያውን በማጠፊያው ሰቀለልኝ፤ እያጉረመረመ። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ ወለል አደረግሁት። ብርሃኑ ገብቶ አባባ ፊት ላይ አረፈ። ጺማቸው ይህን ያህል መንጣቱን አላስተዋልኩም ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቀስ ብለው ገለጡ።

«አባባ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ሰማይ።»

«ሌላስ?»

«ሰማይ ነው የምልሽ።»

«ሰማዩስ አያምርም?»

«እሱንማ ሄጄ አየው የለም እንዴ! ምን አስቸኮለሽ?»

ከጎናቸው ጋደም ብዬ አየሁት። እውነት ነው። ሰማይ ብቻ። በአንድ ጥግ የባሕር ዛፍ ጫፍ። አጥር የለ፣ መንገድ የለ፣ ሰው የለ። ደረቴ ላይ ነዋ የለካሁት! ቆሜ! እሳቸው መሬት ለመሬት በሆነች መደብ ላይ ተኝተው፣ እኔ በቁሜ! ያን ሁሉ ጊዜ ስደክም አንዴ እንኳ እሳቸው ቦታ ተኝቼ አላየሁም።

ክፍል ዘግይቼ ገባሁ። መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። ከንዴት ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ

ዛሬ መስኮቱን አልከፈትኩትም። ሚካኤል ስለሆነ አይደለም።

ታኅሣሥ 16፣ ሰኞ

መስኮቱን ዝቅ ላድርገው ብል ግድግዳው አይተርፍም። ለእማማ ባፈና አለቃቀስኩባቸው። «መስኮቱ አልወርድም ካለ መሪጌታን ስቀያቸዋ!» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ለቀልድ ነው። እኔ ግን… መደቡን ከፍ ማድረግ! እንዴት አላሰብኩትም?

አባባን ወደ እኔ አልጋ አዛወርናቸው።

«ደግሞ ምን ልታፈርሺ ነው?»

«አሁን ልገነባ ነው።»

«የባሰ መጣ።»

ታኅሣሥ 18፣ ረቡዕ

ድንጋይ ከበሬሳ ወንዝ ዳር አስመጣሁ። አንድ ረድፍ በደረደርኩ ቁጥር ወጥቼ እተኛበታለሁ፣ አንገቴን አዙሬ አያለሁ። ሰማይ። ሌላ ረድፍ። ሰማይና የዛፍ ግማሽ። አባባ ከወዲያ ሆነው ስነሳና ስተኛ ያዩኛል።

«ሰላም ነሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

ጭቃው ግን ጓሮ እየሰነበተ ነው። እሱን ተምሬያለሁ።

ታኅሣሥ 19፣ ሐሙስ

ገብርኤል። ድንጋዩም እኔም ተኝተን ዋልን።

ታኅሣሥ 23፣ ሰኞ

የመደቡ አንድ ጎን ሆዱን ነፍቶ ተናደ። ድንጋዩ እርስ በርሱ መያያዝ አለበት፣ ዝም ብሎ አይከመርም አሉኝ እማማ ባፈና። አሁን! ከተናደ በኋላ! እግሬ ጣት ላይ አንዱ ወድቆ ጥፍሬ ጠቁሯል። እንዳልጮህ ከንፈሬን ነከስኩ፤ አባባ «ጩኺ፣ ማን ከለከለሽ?» አሉ። ጮኽኩ። ትንሽ ቀለለኝ።

ታኅሣሥ 27፣ ዓርብ

መደቡ አለቀ። ዓወልና እማማ ባፈና አባባን ይዘው ላዩ ላይ አወጧቸው። በሦስት ትራስ ደገፍኳቸው፤ አጎዛ አነጠፍኩ፣ በርኖሳቸውን ደረብኩ። ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩን።

«የወፍ ማማ ላይ ሰቀልሽኝ እኮ! ወንጭፍስ የት አለ?»

ዓወል መደቡን በክንዱ ለካ። ከፍታውን ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ።

ታኅሣሥ 28፣ ቅዳሜ

ነገ ገና ነው። ጠዋት መስኮቱን ከፈትኩላቸው። ምንም አልጠየቅኳቸውም፤ መልሳቸውን ፈራሁት። ድስት መጣድ ጀመርኩ።

በደጃችን የሚያልፈው የአንኮበር መንገድ ነው፤ ዛሬ ገበያ በመሆኑ አህያውም በቅሎውም ይጎርፋል። ከዚያ ያ ዜማ የሚመራ ድምፃቸው ድንገት ሲወጣ ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

«አንተ! ባለበቅሎው! ከየት ነህ?»

«ከአልዩ አምባ፣ በአንኮበር በኩል።»

«ማን ትባላለህ?»

«ዘይኑልአቢዲን።»

«ጠጋ በል! የአንኮበሩ ገብስ እንዴት ነው? ታጨደ?»

ሰውየው በርበሬ የጫነች በቅሎውን ይዞ መስኮቱ ሥር ቆመ። ብዙ አወሩ። ምሳ ሳቀርብላቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ በሉ። ጨርሰው በሉ!

ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ።

ጥር 5፣ ቅዳሜ

ግቢዬ የነጋዴ ማረፊያ ሆኗል። ከአንኮበር የሚመጣ ሁሉ «መሪጌታ እንዴት አደሩ» ሳይል አያልፍም። የማን ላም እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተጣላ ከእኔ ቤት ይሰማል። መስኮቱ ላይ እየተደገፉ የመረግሁትን ጭቃ እየላጡብኝ ነው! በቅሎዋ ደግሞ የአጥሬን ጎመን በላች። ዘይኑልአቢዲንን ተቆጣሁት። «አላህ ይተካልዎ» ብሎ ሳቀ።

ደብተር አርማለሁ ብል በዚህ ጫጫታ የት ይቻላል? አባባ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ከመሐል አቋርጠው ሰው ይጠራሉ፣ ተመልሰው ይደግማሉ።

ጥር 9፣ ረቡዕ

ድሬሰሩ መጥቶ አያቸው። ደረታቸው ጠርቷል፣ ሰውነት አበጅተዋል አለ። መንገዱን ግን አሁንም አልመክርም አለ። ማን ሊሄድ? ስለ ጉዞው አንስተው አያውቁም። እኔም አላነሳሁም። ገብረአብ ለከንቱ ሊደክም ነው…

ጥር 13፣ እሑድ

ገብረአብ ከነሰዎቹ ከነቃሬዛው መጣ። አልደነገጥኩም። ምሳ አቀረብኩላቸው። «እንደማይሄዱ ይንገሩት እንጂ፣ አባባ» አልኩ፣ እየሳቅኩ።

«ማን አልሄድም አለ?»

ገብረአብ እጁን ከእንጀራው አነሳ።

«ይኸው ይበላሉ! ያወራሉ! እዚህ ተሻለዎት እኮ!»

«ስለተሻለኝ ነዋ የምሄደው። ያኔ ያስጠራሁት ልሞት ነበር። አሁን ላስተምር ነው። ተማሪዎችዎ ደጅዎ ላይ ተቀምጠው አየሁ ብሎኛል ዘይኑልአቢዲን።» ከዚያ ወደ መስኮቱ አዩ። «መንገዱን ከጠዋት እስከ ማታ እያሳየሽኝ እንዴት ልቀመጥ? ግድግዳውን እያየሁ ቢሆን እተኛልሽ ነበር።»

እኔ ነኛ! በገዛ እጄ! መዳፌ ተልጦ፣ ጥፍሬ ጠቁሮ፣ መውጫ ነው የሠራሁላቸው። በዚያች ሰዓት የቦካ ጭቃ ቢኖረኝ መልሼ እደፍነው ነበር።

«መንገድ ላይ ቢሞቱስ?» አልኳቸው። ጮኼ ነው ያልኩት።

እጄን ያዙኝ። ገብረአብ «እታለም፣ ቀስ ብለን ነው የምንይዛቸው» አለኝ።

ጥር 14፣ ሰኞ

ሄዱ።

ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟቸው ሰዎቹ እግራቸውን ወደፊት ሊያደርጉ ነበር። ተቆጡ። «እግሩ የሚቀድም ሬሳ ነው! ራሴን አስቀድሙ!» አሉ። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው አዞሯቸው።

አልሸኘሁም። መደቡ ላይ ወጥቼ ተኛሁና በመስኮቱ አየኋቸው። ራሳቸው ወደ አንኮበር ስለነበር ፊታቸው ወደ እኔ ነው። በትራስ ቀና ብለው፣ ከእግራቸው በላይ፣ ወደዚህ ያያሉ። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አዩኝ። እኔን ይሁን መስኮቱን አላውቅም።

ጥር 19፣ ቅዳሜ

ዘይኑልአቢዲን አልመጣም። ሌላው ሁሉ መጥቶ «መሪጌታ የሉም?» ይለኛል። ስለ እሳቸው የሚጠይቀኝ እንጂ የሚነግረኝ የለም! ከአንኮበር ነህ? አይደለሁም። አንተስ? ከአንኮበር ወዲህ ነኝ። ገብረአብስ ሰው መላክ ምን አቃተው? ደርሰው ከሆነ… ካልደረሱስ?

መዝጊያውን ዘጋሁት። ቤቱ ጨለመ።

ጥር 22፣ ማክሰኞ

ምንም።

ጥር 26፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከፈትኩ፣ ማታ ዘጋሁ። መደቡን ዝቅ ላድርገው ወይስ ልተወው እያልኩ ዋልኩ። አንድ ድንጋይ ነቀልኩና መልሼ አስገባሁት። ዓወል በደጅ ሲያልፍ «እንዴት ነው መስኮቱ?» አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። ሌላ ቃል ብጨምር አለቅስ ነበር።

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

መዝጊያውን ከውጭ ሰው ቆረቆረው። ስከፍት የበቅሎዋ አፍ ነው የተቀበለኝ። ከኋላዋ ዘይኑልአቢዲን።

ፊቱን ብቻ አየሁት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» አለ። «እኔ አልዩ አምባ ታምሜ ሰንብቼ ነው። ትናንት እሳቸው ዘንድ አደርኩ። ሲያስተምሩ፣ ተማሪውን ሲቆጡ ነው ያገኘኋቸው። መልእክት አለኝ፤ ቃሉን አንድ ሳታጎድል በል ብለውኛል።»

መስኮቱን ያዝኩ።

«አንደኛ፣ ቤታቸው ጨለማ ነው። ድሮም ጨለማ ነበር፣ አሁን ነው የታወቃቸው። ሁለተኛ፣ የዚያ ቤት በር ወደ ቆላው ነው የሚያየው፤ የደብረ ብርሃን መንገድ በጀርባ ነው። በዚያ በጀርባው በኩል መስኮት ይውጣልኝ ብለዋል። ልጃቸው ገብረአብ ትናንትና ዶማ አንስቶ ሊጀምር ነበር፤ አስቆሙት።»

«ለምን?»

«‹በማን ክንድ?› ብለው ጠየቁት። ‹በራሴ› አላቸው። ‹ተው› አሉት። ‹በዚያ በኩል የምትመጣውን የማይ እኔ ነኝ፤ መስኮቱ በሷ ክንድ ይሁን› አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ‹ለወለተሐና እንዲህ በላት፤ ዓወልን እንዳታመጪው፣ ክንድሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።›»

በቅሎዋ የቀረውን ጎመን ስትበላ አላባረርኳትም።

ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ከከለከሉኝም እሄዳለሁ። ዶማው አለ፣ መጥረቢያው አለ። ቋሚውን አልቆርጥም። ተኝቼ ነው የምለካው።

«ተመላሽ ነህ ዛሬ?» አልኩት።

«ገበያው እንዳለቀ።»

«እንግዲያው ለገብረአብ ንገረው፤ ጭቃውን ነገ ዛሬ ሳይል ያቡካ። እስክደርስ ይሰንብት።»

ጭቃውም። አባባም።